አሜሪካ ከገቡ ዓመት ላልሞላቸው፦ ጥያቄና መልስ

በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ጥሪ መጥታችሁ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ኑሮ የጀመራችሁ ወገኖች የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አንብቤ፣ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁትን እነሆ እመልሳለሁ። እዚህ ስኖር 13 ዓመቴ ነው፤ የምተዳደረው የግብር ማመልከቻ በመሙላት ስለ ሆነ መልሶቼ ወደ ወረቀት ቢያደሉ አይግረማችሁ።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርዴ በፖስታ አልደረሰኝም። ሥራ መጀመር እችላለሁ?

ይችላሉ። ፓስፖርትዎ ላይ የተለጠፈው የኢሚግራንት ቪዛ አሜሪካ ሲገቡ ማኅተም ከተመታበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት በግሪን ካርድ ምትክ ያገለግላል። አሠሪዎ በተቀጠሩ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ አይ ናይን የተባለውን፣ የመሥራት ፈቃድ እንዳለዎት የሚረጋገጥበትን ቅጽ ማሟላት አለበት፤ ሕጉ ከዘረዘራቸው ማስረጃዎች የትኛውን እንደሚያቀርቡ መምረጥ ግን የእርስዎ መብት ነው። ካርዱ የዘገየው ካርዱ እንዲዘጋጅ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የሚከፈለው የኢሚግራንት ክፍያ (እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ 235 ዶላር ሆኗል) ስላልተፈጸመ እንዳይሆን ያጣሩ። «እኔ እከፍልልሃለሁ» ያለ ዘመድ የረሳባቸው ጥቂት አይደሉም።

ጥያቄ፦ እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን የቤተሰብ ስማችን ለየቅል ነው። በየቢሮው «ባልና ሚስት ናችሁ?» እንባላለን። ባለቤቴ ስሟን ብትቀይር አይሻልም?

እኔ አልመክርም። አገራችን ውስጥ ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ስለ ሆነ፣ የዚህ አገር ቅጽ የመጨረሻውን ስም ነጥሎ ሲወስድ አንድ ቤተሰብ ሦስት ቤተሰብ ይመስላል። የተተረጎመ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ከያዛችሁ ጥያቄው እዚያው ያልቃል፤ ዜግነት ሲወሰድም ስም ለመቀየር ማመልከት ስለሚቻል የሚያጣድፍ ነገር የለም። ይልቅ የሚያሳስበኝ የፊደሉ አጻጻፍ ነው። የእኔ የቤተሰብ ስም በ«ጸ» ይጀምራል፤ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴ ላይ «ጸ» በሁለት የላቲን ፊደላት ተጽፎ ሳለ እኔ ማመልከቻዬን በአንድ ፊደል ብቻ ጀምሬ በመሙላቴ የመጀመሪያው ዓመት ግብሬ ውድቅ ሆኖ ተመለሰ። የግብር መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር የሚያመሳክረው የቤተሰብ ስምን የመጀመሪያዎቹን አራት ፊደላት ነውና፣ አንዷ ፊደል ብትጎድል ለእርሱ ሌላ ሰው ነዎት። የትውልድ ቀንም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ወረቀት በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር እንዳይሞላ ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ አገር ቤት ስድስት ዓመት ነርስ ነበርኩ። አሁን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እጭናለሁ። ከየት ልጀምር?

ከዩኒቨርሲቲዎ ሬጅስትራር ይጀምሩ። የትምህርት ማስረጃዎን የሚገመግመው ተቋም ከእርስዎ እጅ የወጣ ቅጂ አይቀበልም፤ ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው ሊላክለት ይገባል። የወጪ መጋራት ዕዳ ካለብዎ ደግሞ እስኪከፈል ድረስ ኦፊሴላዊው ትራንስክሪፕት አይወጣም። ስለዚህ ወረፋ ጠብቆ፣ ተመላልሶ ጉዳይ የሚያስፈጽም እህት ወይም ወንድም ካለዎት ዛሬውኑ ውክልና ይላኩላቸው። ግምገማው ካለፈ በኋላ ኤንክሌክስ የተባለው የነርሶች ፈተና ይቀርዎታል። እስከዚያው የሲ.ኤን.ኤ. ኮርስ ወስደው በነርስ ረዳትነት ቢሠሩ ደመወዙ ከመጋዘኑ ብዙም ላይበልጥ ይችላል፤ ሆኖም የሕክምናውን እንግሊዝኛ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆመው ይለምዱታል።

ጥያቄ፦ ምግብ በማድረስ ጥሩ እየሠራሁ ነው፤ ምንም አይቆረጥብኝም። እውነት ነው?

አሁን አይቆረጥም፤ በሚያዝያ ግን ይጠየቃሉ። እርስዎ በሕግ ፊት የራስዎ አሠሪ ስለ ሆኑ፣ ከመደበኛው የገቢ ግብር ሌላ 15.3 በመቶ የሚሆን የግል ሥራ ግብር በተጣራ ገቢዎ ላይ ይታሰባል። ማይል ይመዝግቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ለሥራ ለተነዳ ለእያንዳንዱ ማይል የተፈቀደው ተቀናሽ 70 ሳንቲም ነበር። ሳይመዘግቡ ከርመው መጋቢት ላይ በግምት የሚያስሞሉ ደንበኞች አሉኝ፤ ለእነርሱ የምለው ነገር የለኝም።

ጥያቄ፦ ክሬዲት (የዕዳ አከፋፈል ታሪክ) የለኝም፣ አፓርታማም አጣሁ።

200 ወይም 300 ዶላር አስይዘው የሚወስዱት ክሬዲት ካርድ ያውጡና በየወሩ ሙሉውን ይክፈሉ። እስከዚያ ኮሳይነር፣ ማለትም የኪራይ ውሉን እንደ ዋስ አብሮዎ የሚፈርም ሰው፣ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ እናቴ ታማለች። አዲስ አበባ ስምንት ወር ልቆይ አስባለሁ። ግሪን ካርዴ ይወሰድብኛል?

እግዚአብሔር ይማርልዎት። ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ በካርዱ መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን ከስድስት ወር ያለፈ ቆይታ ለዜግነት የሚቆጠረውን የአምስት ዓመት ነዋሪነት ስለሚያጠራጥር፣ የቤት ኪራይ ውልዎንና የባንክ ሂሳብዎን ሳይዘጉ ይሂዱ፤ የእናትዎን የሐኪም ወረቀትም ይዘው ይመለሱ። ዓመት ሊያልፍ ይችላል ብለው ከጠረጠሩ የመመለሻ ፈቃድ ማመልከት የሚቻለው ከዚህ አገር ሳይወጡ ነው።