ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በእጅዎ ካለ፦ ጥያቄና መልስ

የነገሥታትና የሹማምንት ደብዳቤዎችን ስለ መሰብሰብ ያላችሁን ጥያቄ ጠይቁኝ፤ የማውቀውን ሁሉ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የዐፄ ምኒልክ ነው የተባለ ደብዳቤ ሊሸጡልኝ ነው። ፊርማ ግን የለውም። ሐሰተኛ ይሆን?

መልስ፦ ፊርማ ስለሌለው አይጠራጠሩ። በዚያ ዘመን የንጉሡን ቃል የሚያጸናው ማኅተም ነበር፤ የሚያርፈውም ከግርጌ ሳይሆን ከራስጌ ነው። ጽሑፉ የጸሐፊ እጅ ነው፤ ማኅተሙን የሚጠብቀው ደግሞ ጸሐፌ ትእዛዙ ነው፤ በምኒልክ ዘመን ይህን ሹመት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ይዘውት ነበር። ስለዚህ «የንጉሡ የእጅ ጽሑፍ ነው» ብሎ ዋጋ የሚያስወድድ ሻጭ ሲያጋጥምዎ ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ የጃንሆይንስ እንዴት እለያለሁ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ስምና ማዕረጉን ከቀኑ ጋር ያስተያዩ። ተፈሪ መኮንን እስከ መስከረም 1921 ዓ.ም. ድረስ ራስ ነበሩ፤ ከዚያ ንጉሥ ሆኑ፤ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት» የተባሉት በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ነው፤ የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ የደፉት ደግሞ በ1923 ዓ.ም. ነው። በዚህ ብቻ የሚወድቅ ወረቀት ብዙ ነው። ነገር ግን የውጭ አገር ሻጭ «1928» ብሎ ከጻፈ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ይጠይቁ። በእኛ 1928 ጃንሆይ ማይጨው የዘመቱበት ዓመት ነው፤ በፈረንጆቹ ግን ገና የንግሥና ዘውድ የደፉበት ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው እውነተኛውን ደብዳቤ ሐሰተኛ ብሎ ሊጥለው ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከሐሰተኛው የባሰ ጥፋት ነው።

ፊርማውን በአጉሊ መነጽር ይዩት። በማተሚያ የታተመ ፊርማ ጥቃቅን ነጥቦች ይታዩበታል፤ የብዕር ቀለም ግን ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ ብዕሩ ባረፈበትም ይወፍራል።

ጥያቄ፦ አያቴ የተሾሙበት ደብዳቤ አለን። ትክክለኛነቱን ማረጋገጥ ይቻላል?

መልስ፦ ከ1934 ዓ.ም. በኋላ ከሆነ ነጋሪት ጋዜጣን ያገላብጡ፤ የከፍተኛ ባለሥልጣናት ሹመት ይወጣበት ነበር። የፈረመው ማን እንደሆነም ይመልከቱ። ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ እስከ 1947 ዓ.ም. ጸሐፌ ትእዛዝ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ባለ ቀን ላይ በዚያ ሹመት ፈርመው ቢገኙ ነገሩ አጠራጣሪ ነው።

ጥያቄ፦ ላሚኔት ላድርገው?

መልስ፦ በፍጹም! ፕላስተርም፣ ስፒልም አያስነኩት። ከፀሐይና ከእርጥበት ያርቁት።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምኖረው፤ ከአዲስ አበባ ገዝቼ ላምጣው?

መልስ፦ ያለ ፈቃድ አይቻልም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ከመግዛትዎ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቁ። በውጭ አገር የሚሸጠውን ደግሞ ከአገር እንዴት እንደወጣ ሳያውቁ አይግዙ። የመቅደላን ዘረፋ ያየ ሕዝብ ይህን ጥያቄ መተው የለበትም።

ጥያቄ፦ እኛ ወንድማማቾች የአባታችንን ደብዳቤዎች ልንከፋፈል ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እባካችሁ አትበትኗቸው። አንዱ ደብዳቤ ያለ መልሱ፣ መልሱም ያለ ፖስታው ግማሽ ነው። ሁሉንም ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ቅጂውን ተካፈሉ፤ አንድ ቅጂም ስድስት ኪሎ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወይም ለወመዘክር (ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ስጡ። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ስማቸው የተነሣ ሰዎች እነማን እንደሆኑ የምታውቅ አክስት ካለች በዚህ ሳምንት ሂዱና ጠይቋት፤ የነገረቻችሁንም በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ።