መልስ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ሆኜ በስካነር (የተለያዩ የሬዲዮ ሞገዶችን እየፈለገ በሚያሰማ መሣሪያ) የምሰማው የማን ድምፅ ነው?

ወንድሜ፣ ማታ ማታ 156.8 ሜጋኸርዝ ላይ ፈረንሳይኛና አረብኛ ይሰማኛል፣ የድሬ ፖሊስ ይሆን ወይ ብለሃል። አይመስለኝም። ይሄ በዓለም ዙሪያ የመርከቦች የጥሪና የአደጋ ጊዜ ቻናል ነው፤ ቻናል 16 ይሉታል። ድሬ ባሕር የላትም፣ ግን ጅቡቲ በቀጥታ መስመር ብትርቅ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት።

ይህ ሞገድ በደህናው ቀን ያን ያህል አይሄድም። ቀዝቃዛ እርጥብ አየር ከታች፣ ሞቃት ደረቅ አየር ከላይ ሲተኛ ግን ሞገዱ ቦይ እንደገባ ውሃ ተይዞ ሩቅ ይጓዛል። ባሕር ዳርቻ አካባቢ ይሄ የተለመደ ነው። ድምፁ ሲመጣ ኤፍኤም ሬዲዮህን ክፈት። የጅቡቲ ወይም የየመን ጣቢያ አብሮ ከገባልህ፣ መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው። «ሜይዴይ»፣ «ፓን ፓን» (የመርከቦች የአደጋና የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪዎች) ወይም የመርከብ ስም ከሰማህማ አለቀ፣ የመርከቦች ነው።

አንድ ነገር ግን አለ፦ ርካሽ ስካነር በቅርብ ያለን ኃይለኛ ጣቢያ የራሱ ባልሆነ ሞገድ ላይ ያሰማል። አንቴናውን ንቀለው። የሩቁ ወዲያው ይጠፋል፤ የጎረቤቱ ብዙ ጊዜ ይቀራል። የሰማኸውን ደግሞ ቀድተህ ቲክቶክ ላይ እንዳትለጥፍ፣ አደራ!