ለጥያቄና መልስ ውድድር ታሪክ ለምትሰበስበው ወንድሜ

ወንድሜ፣ «ለሰፈራችን ወጣቶች ውድድር የሚሆኑ አስገራሚ የዓለም ታሪኮች ጠቁሙኝ» ብለህ ጠይቀሃል። ተማሪዎችን ለእንዲህ ዓይነት ውድድር ሳዘጋጅ ዓመታት አልፈዋል። የሚያዋጣህን ልንገርህ።

1. የዘመን አቆጣጠር ጥያቄዎችን አስገባ። አዳራሹን አፍ የሚያስከፍት ከነሱ በላይ የለም። ስዊድን ውስጥ በ1712 ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ነበር። እውነት ነው! ከዩልዮስ (ከድሮው የአውሮፓ አቆጣጠር) ወደ ጎርጎርዮስ (ዛሬ ዓለም ወደሚጠቀምበት) አቆጣጠር ቀስ በቀስ እንሻገር ብለው በ1700 አንድ ቀን ዘለሉ። ከዚያ ጦርነት መጣ፣ ዕቅዱም ተረሳ። ከጎረቤቶቻቸው ከአንዱም ጋር የማይገጥም ካላንደር ይዘው ቀሩ። በመጨረሻ ንጉሥ ካርል 12ኛ ወደ ድሮው እንመለስ ሲል፣ የተዘለለውን ቀን ለመተካት ፌብሩዋሪ 30 ሆነ። እንግሊዝ ደግሞ ወደ ጎርጎርዮስ በአንዴ ስለተሻገረች፣ በ1752 ሴፕቴምበር 2 ማታ የተኛ ሰው ጠዋት ሲነቃ ቀኑ 14 ነበር።

2. ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፍ። እኛን ያቃጠለን ይሄ ነው። ፍጻሜ ላይ «የሩሲያው አብዮት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መቼ ተካሄደ?» ተባለ። ልጃችን ሳታመነታ «ኖቬምበር 7፣ 1917» አለች። ትክክል ናት። ያኔ ሩሲያ ገና በዩልዮስ ነበር የምትቆጥረው፤ ኦክቶበር 25 የሚባለው በዚያ ነው። በእኛ ጥቅምት 28፣ 1910 ዓ.ም. ይውላል። ዳኛው ካርዱን አየ። ካርዱ «ኦክቶበር 25» ይላል። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረገባት። ለማስረዳት ስንሞክር «የኦክቶበር አብዮት እየተባለ ምን ኖቬምበር ታመጣላችሁ?» ብሎ ሳቀብን። በአንድ ነጥብ ዋንጫው አመለጠን። ልጅቷ መድረኩ ላይ አለቀሰች።

በማግስቱ አቤቱታዬንና መጽሐፉን ይዤ አዘጋጆቹ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ፖስታውን ሳይከፍት በሁለት ጣቱ ወደ እኔ ገፋው። «የዳኛ ውሳኔ ይግባኝ የለውም» አለኝ። ቁጭ በል እንኳ አላለኝም። እስካሁን ያንገበግበኛል። አጥንታ በትክክል የመለሰችን ልጅ ሰው ፊት እንዲህ ማሸማቀቅ ግፍ ነው። እሷ ግን አልተወችውም። ዛሬ የሦስቱንም ካላንደር ቀን በቃሏ ታቀያይራለች። ኮርቼባታለሁ።

3. አንተ አዘጋጅ ስለሆንክ ዳኛህን ቀደም ብለህ አስቀምጠህ ካርዱን አንድ በአንድ አብራችሁ እዩት። በዓለም እጅግ አጭሩን ጦርነት መጠየቅህ አይቀርም፤ እንግሊዝና ዛንዚባር በ1896፣ ልክ በዓድዋው ዓመት፣ ኦገስት 27 ያደረጉት ነው። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ላይ የእንግሊዝ መርከቦች ቤተ መንግሥቱን መደብደብ ጀመሩ። 4 ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። የዛንዚባሩ ሱልጣን ኻሊድም ጀርመን ቆንስላ ገብቶ ተጠለለ። ደቂቃውን ግን እንዳትጠይቅ፤ አንዱ መጽሐፍ 38፣ ሌላው 45 ይላል። «ከማንና ከማን መካከል?» ብለህ ጠይቅ።