ያ አሮጌ የጠፈር መርከብ አይጣልም

ሱሉልታ ያለው ወንድማችን ከውጭ የመጣለት፣ ተጀምሮ የተተወ የጠፈር መርከብ ሞዴል አለው። በሱፐር ግሉ ተጨማልቋል፣ ቀለሙ ወፍሯል፣ የፓይለቱ መስታወት ጠፍቷል፣ በውሃ ተነክረው የሚለጠፉት ምልክቶችም ሳይለጠፉ ወይበዋል። "ይድናል ወይስ ልጣለው?" ብሎ ጠይቋል።

ይድናል። እኔ ለገጣፎ ቤቴ ውስጥ እንዲህ ያሉትን ነው የማነሳው፤ ከአዲስ ኪት (በሳጥን ከሚሸጥ፣ ተገጣጥሞ ከሚሠራ ሞዴል) ይልቅ የምወደውም እነሱን ነው።

ከሁሉ በፊት አሴቶንና ቲነር ከጠረጴዛህ ይራቁ። አብዛኛው ኪት የሚሠራው ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ ያሟሙታል። ይልቅ ሞዴሉን በፌስታል ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው። ሱፐር ግሉ ሲቀዘቅዝ በቀላሉ ይሰበራል። ጠዋት መገጣጠሚያውን ቀስ አድርገህ ስትጠመዝዘው ብዙ ጊዜ ቀጭ ብሎ ይለቃል። እምቢ ካለህ አትታገለው፣ መልሰህ አስገባው። በሞዴል ሙጫ የተያያዘውን ግን ተወው። ያ ሙጫ ሁለቱን ፕላስቲክ አሟሙቶ አንድ አካል ያደርጋቸዋል፤ ካልቆረጥከው አይለይም።

ለቀለሙ መጀመሪያ አልኮል ሞክር፣ ፐርሰንቱ ከፍ ያለውን። አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይነሳል። ካልሆነ ከመለዋወጫ ሱቅ የፍሬን ዘይት ግዛ። ዘፍዝፈህ በየጊዜው እያየህ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍገው፣ በመጨረሻ በፈሳሽ ሳሙና በደንብ እጠበው። ጓንት የግድ ነው። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ዕቃውን ከፍ አድርገህ አስቀምጥ።

መስታወቱ አያስጨንቅህ። ግልጹ የሲዲ መያዣ ክዳን ራሱ ፖሊስታይሪን ነው። ጠፍጣፋ መስታወት ከሆነ ከእሱ በስለት ደጋግመህ ጭረህ ስበር፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክል። ጉብ ያለ ከሆነ ቅርጹን ከእንጨት ቅረጽና ባዶ ሃይላንድ ውስጥ አስገባው። በሂት ገን (ትኩስ አየር በሚነፋ መሣሪያ) ስታሞቀው ፕላስቲኩ ተኮማትሮ ቅርጹን ይይዛል። ስትለጥፈው በኮላ ይሁን። የሱፐር ግሉ ትነት ግልጽ ፕላስቲክን ነጭ አድርጎ ያበላሻል።

ለጎደሉት ጥቃቅን ክፍሎች ሚናለሽ ተራ ሂድ። የተሰበረ ሬዲዮ፣ መጫወቻ፣ እስክሪብቶ፣ ያየኸውን ሰብስብ። ይሄ ማጭበርበር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው ስታር ዋርስ ፊልም ላይ የምናያቸው መርከቦች ገጽታቸው የተሸፈነው ከገበያ በተገዙ የታንክና የመሳሰሉት ኪቶች ቁርጥራጭ ነው። ሙያው ራሱ እንዲህ ነው የሚሠራው።

የምልክቶቹን ወረቀት ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለጥፈህ ለቀናት ተወው፤ ብጫው ይቀንሳል። ውሃ ውስጥ ከመንከርህ በፊት ግን ግልጽ ቫርኒሽ ቀባው፣ አለዚያ አሮጌ ስለሆነ ይበታተናል።

ቀለም ስትረጭ ሰዓት ምረጥ። እኛ ዳር ያለነው በበጋ የኮረኮንች አቧራ አለብን፤ ስለዚህ ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ይሻላል። በክረምት ዝናብ ላይ ስፕሬይ አትንካ። እርጥበቱ ቀለሙን ያደበዝዘዋል።

ፍሪዘር ከመክተትህ በፊት የሆዱን መገጣጠሚያ በቅርብ ፎቶ አንስተህ ላክልን። የትኛው ሙጫ እንደሆነ አብረን እንየው።