በፍኖተ ሰላም ጋራዥ ለሚለማመደው ወጣት መካኒክ፦ ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ማሰሪያዎች

ከፍኖተ ሰላም የላክኸው ጥያቄ ደርሶኛል። በአውቶ መካኒክ ሙያ ሠልጥነህ በልምምድ ላይ በምትገኝበት ጋራዥ የአንድ አሮጌ ቶዮታ አውቶማቲክ ካምቢዮ ተፈትቶ ሲገጠም፣ የጠፉት ቦሎኖች ከቆርቆሮ ውስጥ በተለቀሙ ሌሎች ቦሎኖች እንደተተኩ፣ የተሰበረውን ስናፕ ሪንግም በሽቦ እንድትተካ እንደታዘዝህ ጽፈሃል። መታዘዝ ወይስ መናገር እንደሚሻል፣ ደግሞም በአውቶማቲክ ካምቢዮ ብቻ ላይ አተኩሮ መሥራት ያዋጣህ እንደሆነ ጠይቀሃል። ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይቼ አላያቸውም፤ ምክንያቱም የካምቢዮ ባለሙያ የሚታመነው ለየትኛው ቀዳዳ የትኛው ቦሎን እንደሚገባ በማወቁ ነው።

ከሽቦው ልጀምር፤ ይህን አትሥራ። ስናፕ ሪንጉ በካምቢዮው ከበሮ ውስጥ የተደረደሩት፣ ተጣብቀው ማርሹን የሚይዙት የፍሪሲዮን ዲስኮች እንዳይወጡ የሚያግድ ቀለበት ሲሆን፣ የዘይት ግፊት ፒስተኑን ገፍቶ ዲስኮቹን በሚያጣብቅበት ጊዜ ኃይሉን ሁሉ የሚቀበለው እርሱ ነው። በአንዳንድ ካምቢዮዎች ደግሞ በዲስኮቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት የሚስተካከለው የቀለበቱን ውፍረት በመምረጥ ነው። ሽቦ በማረፊያው ጠርዝ ላይ በቂ ድጋፍ ስለማያገኝ ግፊት ሲበረታበት ይወጣል። ያ መኪና ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድና ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ፍጥነቱን ሲገታ ማርሹ ቢለቅ፣ ለተሳፋሪው ሁሉ የሚቀረው የእግር ፍሬን ብቻ ነው።

የቦሎኖቹ ጉዳይ የበለጠ ማስተዋል ይጠይቃል፤ ስህተቱ ለዓይን አይታይምና። የቫልቭ ቦዲው፣ ማለትም የዘይቱን ግፊት ወደየማርሹ የሚያከፋፍለው ክፍል፣ ቦሎኖች አብዛኛውን ጊዜ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ሆነው ርዝመታቸው ግን ይለያያል። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ብታስገባው የቀዳዳውን ወለል ነክቶ ይቆማል፤ ለእጅህ የጠበቀ ቢመስልም ቫልቭ ቦዲውን አልጨመቀውም፣ ስለዚህ ዘይቱ በመካከል እያመለጠ ግፊቱ ይወርዳል፣ ዲስኮቹም እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። አጭሩ ደግሞ ጥቂት ፊሌቶ (ጥርስ) ብቻ ስለሚይዝ የአሉሚኒየሙን ፊሌቶ ይዞ ይወጣል። ቶርክ ኮንቨርተሩን (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን) በሞተሩ በኩል ካለው ስስ ሳህን፣ ከፍሌክስ ፕሌቱ፣ ጋር በሚያስሩት ቦታ ላይ ረጅም ቦሎን መግጠም የኮንቨርተሩን ሽፋን ወደ ውስጥ ሊጎደጉድ ይችላል። የፊሌቶውንም እርምጃ፣ ማለትም በአንዱ ጥርስና በቀጣዩ መካከል ያለውን ርቀት፣ ለካ፦ በጃፓን መኪኖች ላይ 10 ሚሊ ሜትሩ ቦሎን ብዙ ጊዜ 1.25 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከተራ የብረታ ብረት መደብር የሚገዛው ግን አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ነው፤ ጥቂት ዙር ገብቶ ሲጠብቅ በቁልፍ የሚያስገድደው ሰው ቀዳዳውን አበላሸ ማለት ነው።

ጠንካራ ቦሎን መግዛት ሁሉን ይፈታል የሚለው እምነትም ልክ አይደለም። በራሱ ላይ 12.9 የተጻፈበት ቦሎን ከ8.8 ይልቅ ቢጠነክርም፣ የገባበት አሉሚኒየም ግን ያው ነው፤ ብታጠብቀው የሚሸነፈው ካምቢዮው ነው። በብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች የቫልቭ ቦዲ ቦሎን የሚጠብቀው በ10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ያለ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) በእጅ ግምት አይሠራም።

ይህን ስል ምትክ ሁሉ ነውር ነው ማለቴ አይደለም። የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮን ወይም የሽቦ መያዣን የሚያስረው ቦሎን መጠኑና ፊሌቶው ከተስማማ የራሱ ቅርጽ ቢለያይ ጉዳት የለውም። ከሌላ ተመሳሳይ የፈረሰ ካምቢዮ የተወሰደ ቦሎንም፣ ካልተላጠና ካልተለጠጠ፣ ትክክለኛ ዕቃ ነው፤ ናሙናውን ይዞ አዲስ አበባ ወዳለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ የሚሄድ ሰው ሊያገኘው ይችላል። የተበላሸ ፊሌቶ በሄሊኮይል (በቀዳዳው ውስጥ አዲስ ፊሌቶ በሚሆን የብረት ጥምዝ) ቢጠገን በደንብ የተሠራ ጥገና ነው፤ በሙጫ ወይም በጨርቅ ማጥበቅ ግን አይደለም።

አለቃህን በባለመኪናው ፊት አታርመው። ለብቻው ስታገኘው፣ «ጋሼ፣ የካምቢዮውን ቦሎኖች መያዝና መለካት ለእኔ ይተዉልኝ» በለው። የኮፓውን (የታችኛውን የዘይት መያዣ) እና የቫልቭ ቦዲውን ቅርጽ በካርቶን ላይ ሣልና እያንዳንዱን ቦሎን በወጣበት ቦታ ሰክተህ አስቀምጥ፤ ከመፍታትህ በፊትም በስልክህ ፎቶ አንሣ። እንዲህ ስታደርግ ጋራዡ ቦሎን አይጠፋበትም፣ አለቃህም ካንተ ጋር የሚጣላበት ምክንያት ያጣል። ስናፕ ሪንጉ እስኪገኝ ካምቢዮው ሳይዘጋ እንዲቆይ፣ መዘግየቱም ለባለመኪናው እንዲነገረው ለምነው። ይህን እንቢ ብሎ በሽቦ ዝጋ ካለህ፣ ያን ሥራ በትሕትና አልሠራም በል፤ ልምምድህንም ወደ ሌላ ጋራዥ ማዛወር እንድትችል የተቋምህን አስተባባሪ አነጋግር።

በአውቶማቲክ ላይ ማተኮርህን እደግፋለሁ፤ ሆኖም የብቃት ምዘናህን እስክትጨርስ ድረስ ሞተሩንና የእጅ ካምቢዮውን አትተው። ካሊፐርና የፊሌቶ መለኪያ ከመጀመሪያ ገቢህ ግዛ። ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሄደህ ሥራ ስትጠይቅ፣ ደመወዙን ከመስማትህ በፊት ቶርክ ሬንችና የሚፈቱት ካምቢዮ የጥገና መመሪያ እንዳላቸው ጠይቅ።