አዲስ አሎትመንት ለመክፈት፦ ከገንዘቡ በፊት ወረቀቱ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይህ ነው፦ «እንግሊዝ አገር በምንኖርበት ከተማ የአሎትመንት (አትክልት ለማልማት በቁራሽ በቁራሽ ለነዋሪ የሚከራይ መሬት) ወረፋ አይደርስም። ከጎረቤት ጋር ሆነን አዲስ ብንከፍትስ? ከየት እንጀምር? ገንዘቡስ?» እኛ በዚህ መንገድ አልፈናል፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ገንዘቡን ለጊዜው ተዪው። መሬት ሳይኖራችሁ ግራንት (የማይመለስ የድጋፍ ገንዘብ) የሚሰጥ የለም። መጀመሪያ ስም አሰባስቡ። እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው ሕግ ስድስት ነዋሪዎች በጽሑፍ ከጠየቁ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ጉዳዩን እንዲያይ ያስገድደዋል። ለመራጭነት የተመዘገቡ ወይም ካውንስል ታክስ የሚከፍሉ ይሁኑ እንጂ ሌላ ነገር አይጠየቁም። ፓሪሽ ካውንስል (ከዋናው በታች ያለ የመንደር ወይም የትንሽ ከተማ ካውንስል) ካላችሁ ደብዳቤው የሚሄደው ለእሱ ነው። መሃል ለንደን ያሉት ካውንስሎች ግን አሎትመንት የማቅረብ ግዴታ የለባቸውም። ደግሞ ማየት ሌላ፣ መስጠት ሌላ። እኛ ያገኘነው መልስ «መሬት የለንም» የሚል ነበር። ቢሆንም ጻፉ። ያ ደብዳቤና የስም ዝርዝሩ በኋላ ለግራንት ማመልከቻ ጥሩ ማስረጃ ነው።

መሬቱን በመጨረሻ ያገኘነው ከአንድ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን በሊዝ ነው። ገበሬዎችም ያከራያሉ፤ ጠይቁ። ካውንስሉ ለአሎትመንት ብሎ የያዘውን መሬት ያለ ሚኒስትሩ ፈቃድ መሸጥ አይችልም። የግል መሬት ላይ ግን ይህ ከለላ የለም፤ ያላችሁ ሊዙ ብቻ ነው። በቃል እንዳትስማሙ። በእኔ እምነት ከአሥር ዓመት በታች ከሆነ ድካሙ አያዋጣም። ናሽናል አሎትመንት ሶሳይቲ ለአባላቱ የሕግ ምክር ስለሚሰጥ ሳትፈርሙ አማክሯቸው። ቦታው ቀድሞ ምን እንደነበረም አጣሩ። ፋብሪካ ወይም ጋራዥ ከነበረ አፈሩ ለሊድ (እርሳስ ለሚባለው መርዛማ ብረት) እና ለመሰል ነገሮች ይመርመር። አትክልት መትከል በራሱ ፕላኒንግ (የግንባታና የመሬት አጠቃቀም ፈቃድ) አይጠይቅም። መኪና ማቆሚያ፣ አዲስ መግቢያ ወይም ከሁለት ሜትር በላይ አጥር ካሰባችሁ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ትልቁን ወጪ የሚበሉት ውሃና አጥር ናቸው። ቱቦ ከዋናው መስመር ማስገባት ውድ ስለሆነ ብዙዎች የዝናብ ውሃ በአንድ ሺህ ሊትር ታንከር እያጠራቀሙ ይጀምራሉ። አጥሩን ግን አታቃልሉት። ጥንቸል ጎመኑን በአንድ ሌሊት ያጸዳዋል።

ለእንዲህ ያለው የአንድ ጊዜ ወጪ የብሔራዊ ሎተሪው የግራንት ፕሮግራም «አዋርድስ ፎር ኦል» ከ300 እስከ 20,000 ፓውንድ ይሰጣል። ቀድማችሁ ያወጣችሁትን አይመልስም፤ ስለዚህ መልሱ ሳይመጣ አጥር እንዳታዝዙ። የጽሑፍ መተዳደሪያ ደንብና በማኅበሩ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ ነው የኛ ሰው የሚቸገረው። እድር ለምደን ገንዘቡ በታማኙ ገንዘብ ያዥ የግል ሒሳብ ቢቀመጥ ምንም አይመስለንም። እነሱ ጋ አይሠራም። ኮሚቴው ውስጥ ቢያንስ ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች መኖር አለባቸው። ባልና ሚስት ብቻ ከሆኑ ማመልከቻው እዚያው ይቆማል።

የየዓመቱን ወጪ ግን በግራንት አታስቡት። የመሬቱን ኪራይ፣ ውሃውን፣ ኢንሹራንሱንና ለብልሽት የሚቀመጠውን ደምሩና ለፕሎቶቹ (ለእያንዳንዱ ሰው ለሚደርሱት ቁራሾች) አካፍሉ። ዋጋችሁ እሱ ነው። «ለወገን ነው» ተብሎ ዋጋው ሲወርድ በሁለተኛው ዓመት መዋጮ መለመን ይመጣል፣ ከዚያ ኩርፊያ።

ሙሉ ፕሎት በልማዱ 250 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ለጀማሪ በዝቶበታል። ግማሽ ወይም ሩብ ስጡ። «እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ» ብሎ ሙሉ የወሰደ ሰው ሐምሌ ላይ አረም ውጦት አይተናል (አሁን ሩቡን ይዞ ግሩም ጎመን ያበቅላል)። የሐበሻ ጎመን፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት እዚህ ይስማማቸዋል። በርበሬ ያለ ፕላስቲክ ቤት አትሞክሩ።

የመተዳደሪያ ደንባችንን ለናሙና ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ስሞቹን አውጥቼ እልክልሻለሁ። የከተማሽን ስምም ጨምሪበት፣ ፓሪሽ ካውንስል ይኑረው አይኑረው አብረን እናያለን።