ወንዝ ሲበከል ማን ማንን ይከስሳል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቤቴ ከአንድ የቆዳ ፋብሪካ በታች፣ ወንዝ ዳር ነው። ከብትም ማሳም የለኝም። መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን መሠረት ከሳሽ በነገሩ ላይ ጥቅም ያለው መሆኑን ማሳየት አለበት፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ግን ማንኛውም ሰው ጥቅሙ መነካቱን ሳያስረዳ በበካዩ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። መጀመሪያ የሚያመለክቱት ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኙ ወይም በውሳኔው ካልተስማሙ፣ ከዚያ ወዲህ 60 ቀን ሳያልፍ ፍርድ ቤት ይከስሳሉ። አቤቱታውን ሲያስገቡ ቀንና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ይቀበሉ፤ ያለዚያ 30 ቀኑ መቼ እንደጀመረ ማስረዳት ራሱን የቻለ ክርክር ይሆንብዎታል።

ጥያቄ፦ ውኃው ጠቁሯል፣ ይሸታል። ይህ ማስረጃ አይሆንም?

መልስ፦ ብቻውን አይበቃም። የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 3 የሚከለክለው የአካባቢ ደረጃን፣ ማለትም ለፍሳሽና ለመሳሰሉት የተፈቀደውን የብክለት ወሰን፣ በመጣስ መበከልን ስለሆነ፣ ክርክሩ የሚያጠነጥነው ወንዙ በመቆሸሹ ላይ ሳይሆን ፋብሪካው የለቀቀው ፍሳሽ፣ ለምሳሌ በውስጡ ያለው የክሮሚየም (ቆዳ ለማልፋት የሚውል ብረት) መጠን፣ ከተፈቀደው ወሰን በማለፉ ላይ ነው። ናሙናው ከወንዙ መሐል ብቻ ከተቀዳ ተከሳሹ «ከእኔ በላይ ሌላ ፋብሪካ አለ» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ከቱቦው አፍ፣ ከቱቦው በላይና ከቱቦው በታች በአንድ ቀን መቀዳት አለበት። ወደ ግቢው መግባት ለእርስዎ አይፈቀድም፤ የአካባቢ ተቆጣጣሪ ግን ያለ ቅድመ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ገብቶ ናሙና የመውሰድ ሥልጣን ስላለው፣ ይህ እንዲደረግ በአቤቱታዎ ላይ በግልጽ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፋብሪካው ነባር ስለሆነ የእፎይታ ጊዜ አለኝ ይላል።

መልስ፦ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ለነባር ፋብሪካዎች ደረጃውን እንዲያሟሉ የሰጠው ጊዜ ቢበዛ 5 ዓመት ነበር። ካለቀ ቆይቷል።

ጥያቄ፦ ክልሉ ወሰኑን ሊያላላለት ይችላል?

መልስ፦ አይችልም። ክልሎች ከፌዴራሉ የጠበቀ ደረጃ ማውጣት እንጂ የላላ ማውጣት አልተፈቀደላቸውም።

ጥያቄ፦ ፋብሪካውን ትቼ ዝም ያለውን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ብከስስስ?

መልስ፦ ተሞክሯል። አንድ የመብት ተሟጋች ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የተነሣ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከስሶ ነበር፤ አልተሳካለትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ሰው ስለሚሰጥ፣ በእኔ እምነት ይህ መንገድ ጨርሶ የተዘጋ አይደለም፤ የእርስዎን ክስ ግን የናሙናው ውጤት በሚያመለክተው ፋብሪካ ላይ ቢጀምሩት ይሻላል።